አንድ እግር ቡና በአምስተኛ ፎቅ

ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን ጥሬ ቡና አፈር ውስጥ ቀብሬ ሦስት ወር ሙሉ ውኃ አጠጥቻለሁ። አዎ፣ ጥሬ ቡና። ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቀሽሮ፣ በጆንያ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን። የችግኝ ማፍያ ገዛሁ፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ፍሬ ጨመርኩ፣ በላስቲክ ሸፈንኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ላስቲኩን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ መልሼ እከድነዋለሁ። በሦስተኛው ወር ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን ቆፍሬ ሳወጣው እንደ ተቀቀለ ባቄላ ጣቴ ላይ ፈረጠ።

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስትስቅ ይሰማኛል። "የሞተ ነው እኮ የቀበርከው ልጄ! በል እንግዲህ ተዝካሩንም አውጣለት።"

እማዬ ያደገችው አጋሮ አካባቢ ነው። ለቀማ ሲደርስ ቅርጫት ወገቧ ላይ አስራ ከእህቶቿ ጋር የወጣች ሰው ናት። እኔ ደግሞ የኮልፌ ልጅ ነኝ፤ የቡና እውቀቴ የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። ልጅ ሆኜ ሥራዬ ጎረቤት መጥራት ነበር። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ሮጬ በር በር እያንኳኳሁ "ቡና ጠጡ ብላለች እማዬ" እላለሁ። ተመልሼ ሲኒ አመላልሳለሁ፣ ፈንዲሻ እዘግናለሁ። ቡና ለእኔ ጥቁር ነገር ነው። ከመጥቆሩ በፊት አረንጓዴ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ቀይ እንደነበር በሥዕል አይቻለሁ። ከመቅላቱ በፊት ነጭ መሆኑን ግን አርባ ዓመት እስኪሞላኝ በአፍንጫዬ አላውቀውም ነበር። ቡና አበባ እንዳለው ማንም ያውቃል፤ ማሽተት ሌላ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፈረንጅ ባገኘን ቁጥር "ቡና እኮ የእኛ ነው" ብለን ትምህርት የምንሰጥ ሐበሾች ሁላችን ብንጠየቅ፣ የከተማ ልጅ የሆነው አብዛኛው እንደ እኔ ነው።

ለዘር የሚሆን ቡና ሌላ ነው አለችኝ እማዬ። ከደህና ዛፍ ቀይ እሸት ይለቀማል፣ በእጅ ይፈለፈላል፣ ጥላ ላይ ይሰጣል፣ እሱም ክው ብሎ እስኪደርቅ አይደለም። ከዚያ ሳይቆይ ይዘራል። የቡና ዘር እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ ከርሞ አይጠብቅም፤ ጥቂት ወራት ካለፉ ነፍሱ ትወጣለች። ለመጠጥ የሚሸጠው ደግሞ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪቀር ድረስ ደርቆ፣ መጋዘን ውስጥ ከርሞ፣ በመርከብ ሳምንታት የተጓዘ ነው። የቀበርኩት ሬሳ ነበር።

በ2019 ሚያዝያ ላይ (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ስንኖር ቀን መቁጠሪያችንም አብሮ ተሰደደ) አንድ ትልቅ የአትክልት መሸጫ ውስጥ አፈር ልገዛ ገብቼ፣ ከቤት ውስጥ ተክሎች መደርደሪያ ላይ ቡና አገኘሁ። የመዳፍ ስፋት ባላት የፕላስቲክ መትከያ፣ ዋጋው የሁለት ስኒ ማኪያቶ ያህል። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ የዘመድ ልጅ በረት ውስጥ ታስሮ ያየሁ መሰለኝ። ቅጠሉ እንደተቀባ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ይላል።

እቤት ወስጄ ሳየው አንድ ችግኝ አይደለም፤ ስምንት ናቸው። ለዓይን እንዲሞላ ስምንቱን አንድ ላይ አጭቀው ነው የሚሸጡት። ጥቅጥቅ ብለው እያማሩ ይሸጣሉ፤ ከዓመት በኋላ ሥር ለሥር ተናንቀው ይጠወልጋሉ። ውኃ ውስጥ ነክሬ አፈሩን አላቅቄ ለየኋቸው። ሥር መለየት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጸጉር መፍታት ነው የሚመስለው፣ ያውም የሰው ልጅ ጸጉር፣ ያውም የምታለቅስ ልጅ። አምስቱ በዚያው ሞቱ። ሦስት ቀሩኝ።

ከሦስቱ ሁለቱን የገደልኳቸው በፍቅር ነው። ግንቦት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ከሳሎን አውጥቼ በረንዳ ላይ አሰጣኋቸው። "የአፍሪካ ተክል ናችሁ፣ ጠጡ" ብዬ። በአራተኛው ቀን ቅጠላቸው መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ በርበሬ እንደነካው ወረቀት ቡኒ ሆነ። እማዬ በቪዲዮ አይታ ምላሷን መጠጠች። "ቡና እኮ የጥላ ልጅ ነው። ዋንዛ አለ፣ ሰሳ አለ፣ ብርብራ አለ፣ ከሥሩ ነው የሚያድገው። አንተ ሜዳ ላይ አወጣኸው?" እውነቷን ነው። የአረቢካ ቡና ከጥንት መኖሪያው ደን ውስጥ ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። በ2010 ዩኔስኮ የመዘገባቸው የከፋና የያዩ ደኖች ውስጥ ማንም ሳይተክለው እንደዚያው ይኖራል። እኔ "ትሮፒካል" የሚለውን ቃል ስሰማ የሚታየኝ ባሕር ዳርቻና የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። የአጋሮ ጥላ አይታየኝም።

የቀረውን አንዱን ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ራቅ አድርጌ፣ ስስ መጋረጃ ጋርጄ አኖርኩት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም። ቡና ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በክረምት፣ ማለቴ በፈረንጁ ክረምት፣ ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፤ አጠገቡ ውኃ በሳህን አስቀመጥኩ። የቧንቧው ውኃ ኖራ ስላለበት ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር፣ ቡና ጎምዘዝ ያለ አፈር እንደሚወድ ተማርኩና የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ጀመርኩ። ወረርሽኙ ቤት ዘግቶብን በከረመበት ዓመት ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ወረረው፤ የጆሮ ጥጥ የሕክምና አልኮል እየነከርኩ አንድ በአንድ ጠረግሁለት። በዚያን ሰሞን ከማንም ሰው ጋር ያን ያህል ተቀራርቤ አላውቅም።

ግን ዋናው ነገር ውኃው ነበር። ቡና ሲጠማ ይናገራል። ቅጠሉን ሁሉ ቁልቁል ጥሎ፣ እንዳኮረፈ ልጅ ትከሻውን ሰብሮ ይቆማል። ስታጠጡት በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ቀና ይላል። አንድ ጊዜ አይቼው በጣም ደነገጥኩና ሁለተኛ እንዳይደርስበት ወሰንኩ። እሑድና ረቡዕ፣ ሳላጓድል። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቼ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ እሱን ነው የማጠጣው።

በ2022 ኅዳር ላይ አንድ ነገር አየሁ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር፣ አንዳንዱ ጋ ሦስት፣ አንዳንዱ ጋ አራት ሆና ተኮልኩላለች። ላይዋ ሙጫ አለው፤ ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ተባዩን ላየ ሰው መናገር አያስፈልግም። አልኮሉን አወጣሁ፣ ጥጡን ነከርኩ፣ ጠረግሁ። ግማሹ ተቀንጥሶ ወደቀ። ደስ አለኝ።

ለገና አገር ቤት ልሄድ ሆነ፣ ለአራት ሳምንት። ቁልፉን ለአንድ ወዳጄ ሰጠሁት። እሑድና ረቡዕ ብዬ በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩለት፤ ስንት ስኒ እንደሚጠጣ ሳይቀር። "አታስብ ወንድሜ" አለኝ። ሰው አታስብ ሲል ነው ማሰብ።

ከገና በኋላ እማዬን ይዤ በአውሮፕላን ጅማ ወረድኩ፣ ከዚያ በመኪና አጋሮ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለቀማው አልቆ ነበር፤ በየግቢው ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ተሰጥቷል፣ መንገዱ ዳር ሁሉ ያ የደረቀ ገለባ ሽታ አለ። የአጎቴ ማሳ ውስጥ ስንዞር እማዬ በአንዱ እግር አጠገብ ቆመች፤ እዚያ ቡና የሚቆጠረው በእግር ነው፤ አንድ እግር፣ ሁለት እግር። ቅርንጫፉን ዝቅ አደረገችና ከቅጠሉ ብብት ሥር በአውራ ጣቷ ጥፍር አሳየችኝ። የሩዝ ፍሬ የሚያክል አረንጓዴ ነገር። ሙጫ ያለው።

"ይኼ ምንድነው እማዬ?"

"አበባው ነዋ። ተኝቶ ነው። ዝናብ ነው የሚጠብቀው።"

ምንም አላልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አላልኩም፤ ሦስተኛው ቀን ላይ አልኮሉንና ጥጡን ነገርኳት። በዚህኛው አልሳቀችም። "አርባ ዓመት የቡና ልጅ ነኝ ስትል" አለችና ዝም አለች። ከዚያ ልጅ ሆና የበልግ ዝናብ ሲጥል የሆነውን አወራችኝ። ዝናቡ ይጥላል፣ አንድ ሳምንት ከዚያም ትንሽ ቀን ያልፋል፣ አንድ ጠዋት ስትነሳ ከዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ነጠላ የተሰጣበት ይመስላል አለች። ንቡ ጫካውን ያንጫጫዋል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አልቆለታል፤ ረግፎ መሬቱ ላይ ይበሰብሳል። ሽታውን በምን ልንገርህ አለች፤ አልነገረችኝም።

ጥር መጨረሻ ላይ ተመልሼ በሬን ስከፍት ቡናዬ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ከሥሩ አሥራ አንድ ቅጠል ረግፏል፤ ቆጥሬዋለሁ። አፈሩ ከመትከያው ግድግዳ ተላቆ መሐሉ ጣት ያስገባል። ወዳጄ የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቆይቶ አመነልኝ። ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት እያየሁ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ ጥዬ ቡናውን አቅፌ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስገባሁት፣ ለብ ያለ ውኃ ከላይ እንደ ዝናብ ለቀቅኩበት፣ ከሥር እየፈሰሰ እስኪወጣ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ቅጠሉ የተነሣው በነጋታው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሳላውቅ አትርፌያቸው የነበሩት የሩዝ ፍሬዎች መንጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አመድማ፣ ከዚያ እንደ ሻማ ጫፍ ረዘም ረዘም አሉ። በየቀኑ ይወፍራሉ። ከሥራ ስመጣ መብራት ሳላበራ በስልኬ አበራባቸዋለሁ፤ ለምን መብራቱን እንደማላበራው አላውቅም፤ የተኛ ሕፃን ቤት ያለ ይመስለኛል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ሽታው ቀደመኝ።

እማዬ በምን ልንገርህ ያለችው ገባኝ። ጽጌረዳ አይደለም። ብርቱካን ሲያብብ አጠገቡ ያለፈ ሰው ትንሽ ይቀርበዋል፤ ጃስሚንም ይቀርበዋል። ግን ከሥሩ አንድ አረንጓዴ፣ እርጥብ ነገር አለው፤ ቅጠል የታጠበበት ውኃ የመሰለ። ቡና ቡና ግን ፈጽሞ አይልም። ጠጋ ብዬ አየሁት፦ ቀጭን ነጭ ቱቦ፣ አፉ ላይ ለአምስት የተከፈለ፣ አምስቱም ወደ ኋላ የተቀለበሱ፣ መሐሉ ላይ ሹካ መሳይ ቀጭን ነገር ወጥቶ ቆሟል። ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፣ ዘንግ የለውም ማለት ይቻላል። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አራት። ጠርጌ የጣልኳቸው ስንት እንደነበሩ እግዜር ይወቀው።

ለሥራ ደውዬ አሞኛል አልኩ።

የገረመኝን ነገር ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው። በ1960 ፓውሎ አልቪም የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ ውኃ በየጊዜው በሚያገኝ ቡና ላይ እምቡጡ ተኝቶ እንደሚቀር አሳይቶ ነበር። ቀኑ ሲያጥር እምቡጡ ይፈጠራል፤ ከዚያ ይቆማል። እንዲነቃ መጀመሪያ ተክሉ መጠማት አለበት፤ ቀጥሎ ዝናቡ ይምጣ። ጥሙ ካልቀደመ ውኃው ምንም አያደርግም። የእማዬ በልግ ይኼው ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ እንዲያው ባዶ ጊዜ አልነበረም። የእኔ ቡና እሑድና ረቡዕ እየጠጣ፣ ምናልባት ባለፈው ዓመትም፣ ከዚያ በፊት ባለው ዓመትም ሊያብብ ተዘጋጅቶ ነበር። በጋ አጥቶ ነው የቀረው። ወዳጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ ሳስረዳው "እኔማ አውቄ ነው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። በኮሪደሩ ማዶ የሚኖሩ፣ ስልሳ ያለፋቸው የኤል ሳልቫዶር ሴት ናቸው። ስድስት ዓመት ሊፍት ውስጥ ደህና አደሩ፣ ደህና ዋሉ ከመባባል አልፈን አናውቅም። እጃቸው ላይ የቆሻሻ ከረጢት አለ፤ ሊጥሉ ወጥተው ነው። አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ቀስረው ቆሙ።

"ፍሎር ዴ ካፌ" አሉ፤ የቡና አበባ ማለታቸው ነው። አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ እንጂ።

ከረጢቱን በር ላይ ጥለው ገቡ። ቡናው ፊት ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በቤተ መዘክር ውስጥ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አሉ። የመጡት ከሳንታ አና ነው። ልጅ ሆነው ለለቃሚዎች ምሳ ያመላልሱ ነበር። የአገራቸው ቡና በሞላ ጎደል በጥላ ሥር ነው የሚለማው፤ የጥላ ዛፋቸውን ፔፔቶ ይሉታል። "ፔፔቶህ የት አለ?" አሉኝ፤ መጋረጃውን አሳየኋቸው። ሳቁ። ከዚያ በእጃቸው ዓይናቸውን ሸፈን አድርገው ትንሽ ቆዩ። አገራቸውን የለቀቁት በጦርነቱ ጊዜ ነው፣ በሰማንያዎቹ፤ ከዚያ ወዲህ አላሸተትኩትም አሉኝ።

ቡና አፈላሁላቸው። አቦሉን እየጠጡ፣ ቡና የእኛ ነው የሚለው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። እርግጥ ከእኛ ደን በየመን በኩል የወጣ ነው። ግን የእሳቸው አገር ቡናም ዝም ብሎ አልደረሰም። ፈረንሳዮች ከየመን ወስደው ያኔ ቡርቦን ትባል በነበረችው የሬዩኒየን ደሴት ተከሉት፤ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ቡርቦን ይሉታል። ሌላው መንገድ ደግሞ በመትከያ ውስጥ ያለፈ ነው። በ1714 የአምስተርዳም ከንቲባ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል በስጦታ ላኩ፤ ፓሪስ ውስጥ በመስታወት ቤት አደገ፣ እንደ እኔው በብርድ አገር፣ በማሞቂያ። ከሱ ዘር የበቀለ ችግኝ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን በ1720ዎቹ መጀመሪያ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ሲሻገር መርከቡ ላይ የሚጠጣ ውኃ አለቀ፤ ሰውዬው የራሱን ድርሻ ለችግኙ እንዳካፈለ እሱ ራሱ ጽፏል። ይኼን ታሪክ ሳነብ ከወንድሜ ጋር የተገናኘሁ መሰለኝ። ረቡዕና እሑድ ይሁን አይሁን ግን አልጻፈም።

አበባው በሦስተኛው ቀን ቡኒ ሆኖ ተንጠለጠለ። በለስላሳ ብሩሽ ከአንዱ ወደ አንዱ ነካክቼው ነበር፤ ባልነካካውም ያው ነው፣ አረቢካ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ አንድ እግር ብቻውን ያፈራል። ከሠላሳ አራቱ ዘጠኙ ያዙ። የክብሪት ጫፍ የሚያህሉ አረንጓዴ ነጥቦች። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚያው አረንጓዴ ሆነው ወፈሩ፤ ጥቅምት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀሉ።

እማዬ "ቁላው" አለች። "ስንት ልቁላ?" "ያለውን።" ቡና ዳቦ ነው ይባላል፤ ዘጠኝ እሸት ግን ለአንድ ሲኒም አይበቃ። አንዱን አፌ ውስጥ ጨመቅሁት፤ ሥጋው ስስ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ፍሬው እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ ምላስ ላይ አይያዝም። ስምንቱ እሸት ሁለት ሁለት ፍሬ ነበራቸው፤ ዘጠነኛው አንድ ብቻ፣ እሱም ጀርባና ሆድ የሌለው ድቡልቡል፤ ሁለተኛው ሳያድግ ሲቀር እንደዚያ ይሆናል። በድምሩ አሥራ ሰባት።

አምስቱን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። አሥራ ሁለቱን፣ ቅርፊታቸውን በጥንቃቄ ልጬ፣ ያንኑ የድሮውን የችግኝ ማፍያ አጥቤ ዘራኋቸው። ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩት፤ እዚያ ሞቅ ይላል። በላስቲክ ሸፈንኩት።

ታኅሣሥ ሊጋመስ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ጎረቤቴ ናቸው። በእጃቸው የእርጎ ኩባያ ይዘዋል፣ አፈር የሞላበት። ከአፈሩ አንድ አረንጓዴ ግንድ ወጥቷል፣ ክብሪት የሚያክል፣ ቀጥ ያለ፤ አናቱ ላይ የቡናውን ፍሬ እንዳለ ተሸክሞታል፣ ከወንዝ እንስራ ይዛ እንደምትመለስ ሴት። አራቱም እየመጡ ነው አሉኝ፣ አምስተኛውን እንጃ።

"በስንት ቀን ነው የሚያጠጡት?" አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። "ትዝ ሲለኝ" አሉ።

እሳቸው ሲሄዱ ወንበር ስቤ ወጣሁና ላስቲኩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። መልሼ ከደንኩት።